ከጥናቱ ወሰን ውጭ

በዓለም ላይ ከመታተማቸው በፊት እንጂ ከታተሙ በኋላ የማይነበቡ ጽሑፎች አሉ። የቤተ መጻሕፍት አስተዳደር መጽሔት ላይ የሚወጡት ከነዚህ ናቸው። ሳይታተሙ በፊት ሁለት ሦስት ሰው መነጽሩን ወልውሎ፣ ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር እየነቀሰ ይመረምራቸዋል፤ ከታተሙ በኋላ ግን የጸሐፊው እናት እንኳ ገልጣ አታያቸውም። እኔ ከመርማሪዎቹ አንዷ ነኝ። አትዘኑልኝ፤ የከፋም ሥራ አለ።

ለእንዲህ ያለ መጽሔት መጻፍ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጽሑፉን በአንድ አንቀጽ አሳጥረህ ከላይ ታስቀምጣለህ፤ ይኸውም አንባቢው ቀሪውን እንዳያነብ እንዲረዳው ነው። ከዚያ ቁልፍ ቃላት፣ ከዚያ ንድፈ ሐሳብ፣ ከዚያ የማጣቀሻ መዓት። ጎመን ለመቀቀል የእሳትን ታሪክ ከመጻፍ አይተናነስም። በመጨረሻ ስምህንና አገርህን ከወረቀቱ ላይ ትፍቃለህ። መርማሪው ጸሐፊውን፣ ጸሐፊውም መርማሪውን እንዳያውቅ ነው ደንቡ። እኛ አገር ስም ማጥፋት ያስከስሳል፤ እዚያ ካላጠፋህ አይቀበሉህም።

ዕድሜዬን በአንድ የሆላንድ የወደብ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፈጀሁና ጡረታ ስወጣ ወደ ተወለድኩባት ጎባ ተመለስኩ። ያቺ የማውቃት ጎባ ግን ቀድማኝ ጡረታ ወጥታ ቆየችኝ። ገበያውም፣ ቢሮውም፣ ወጣቱም ቁልቁል ወደ ሮቤ ወርዷል። ለጎባ የቀራት ብርዱና ባሕር ዛፉ ነበር፤ እኔም ተጨመርኩባት። አብሮ አደጎቼን ስጠይቅ ሰዎች መቃብራቸውን ያሳዩኛል። ጎረቤቶቼ ክፉዎች አይደሉም፤ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኛል። አክብሮት ግን እንደ ጎባ ብርድ ነው፤ አጥንት ድረስ ይገባል እንጂ አያሞቅም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል። ይሁን፤ እኔ መድኃኒቱ በማይገኝበት ወረዳ ነው የሰፈርኩት።

እናም አንድ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ሮቤ ወረድኩና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱን ፈልጌ ገባሁ። የውሃ ልማድ ነው፤ አሣ ወንዝ ሲያይ አያስችለውም። ሐዊ የምትባል ደርባባ ወጣት ተቀበለችኝ፤ የቤቱ ባለሙያ እሷ ናት። ስለ ደጋ ወፎች የሚናገር፣ ሥዕል ያለበት ወፍራም መጽሐፍ አዋሰችኝ። ወሰድኩት። መስኮቴ ሥር አስቀመጥኩት። እዚያው ቆየ።

የመመለሻው ጊዜ ካለፈ በኋላ በሬ ተንኳኳ።

«አካም ቡልተን፣ አዴ ጽጌ! ነጋ፣ ሰላም ነው? ጉልበትዎ ደህና? ቤቱ ደህና?»

ሐዊ ናት፤ ደህና አደሩ ማለቷ ነው፣ «አዴ»ም በኦሮምኛ እናት እንደማለት። ከሮቤ እስከ ጎባ በሚኒባስ ተጋፍታ፣ በፌስታል ጩኮ ይዛ መጥታለች። (ጩኮ የማታውቁ ካላችሁ፣ የገብስ ዱቄት በቅቤና በቅመም የታሸ ነው፤ አንድ ማንኪያ የበላ ሰው ዲንሾ ድረስ በእግሩ ይሄዳል።) ከተመለስኩ ጀምሮ ጉዳይ ሳይኖረው በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ምን ልንገራችሁ፤ ያን ዕለት ያለኝን ሁለት ጥሩ ስኒ አወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መመላለሷን ቀጠለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ አንገቱ በምትባል ከተማ ስለሚኖሩት አያቷ እናወራለን። ከመሄዷ በፊት ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ ታያለች።

«ወፎቹስ ደህና ናቸው፣ አዴ?»

«ደህና ናቸው። ዛሬ ጠዋት አንድ ቁራ ጣሪያዬ ላይ ሲጨፍር ነበር።»

«እህ… ደግ። ዘንድሮ ርጥበቱ በረታ አይደል? ወረቀት ሳይቀር ያበላሻል።»

«ወረቀትስ ምን አላት፤ የኔን ጉልበት ጠይቂ!»

ትሥቅና ትነሣለች። በሩ ላይ ደርሳ ግን ወዲያው አትወጣም፤ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ትቆማለች። እኔም መለየት ከብዷት ነው እላለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ፀጉሬን መሥራት ጀምሬ ነበር።

አንድ ሰኞ ከመጽሔቱ አዘጋጅ አንድ ጽሑፍ ተላከልኝ፤ መርምሪ ተብዬ። ስም የለውም። ቦታውም «በአንድ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ የምትገኝ የስንዴ ከተማ» ይላል። ቀጥሎ «በሚኒባስ ጥቂት ከተጓዙ የምትገኝ ብርዳም አሮጌ ከተማ» ይመጣል። ሰውየውን ሸሽጎ ጥላውን ሜዳ ላይ መተው ማለት ይኼ ነው።

ርእሱ የመመለሻ ጊዜያቸው ያለፈ መጻሕፍትን ስለ ማስመለስ ነበር። ጸሐፊዋ እንዲህ ትላለች፦ በእኛ ቤተ መጻሕፍት ቅጣት የለም፣ ማስጠንቀቂያም አንልክም። መጽሐፍ ሲዘገይ ባለሙያው ወደ ተዋሰው ሰው ቤት ለጥየቃ ይሄዳል። ባዶ እጁን አይሄድም። ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃል፣ የቀረበለትን ይቀምሳል። መጽሐፍ የሚለውን ቃል ግን ካፉ አያወጣም፤ ቤቱ የቀመስክለትን ሰው ዕቃዬን መልስ ማለት ነውር ነው። ሲወጣ በሩ ላይ ዘግየት ይላል። ባለቤቱም የአገሩ ሰው ነውና ይገባዋል፤ እንግዳውን ሲሸኝ መጽሐፉን አብሮ ያስይዘዋል። ማንም አላፈረም፣ መጽሐፉም ገባ።

ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ! ብዬ ብቻዬን አጨበጨብኩ። በዚያ ሁሉ ዘመኔ በቅጣት ደብዳቤ ሰው ሳሳድድ የኖርኩ ሴት ነኝና እንዲህ ያለ ጥበብ ሳይ ደስ ይለኛል። ቀጥሎ «የዘዴው ውስንነት» የሚል ክፍል መጣ።

«ዘዴው አንድ ቦታ ላይ አልሠራም» ይላል። «ከውጭ አገር የተመለሱ አንዲት አረጋዊት ተገልጋይን ደጋግመን ጠይቀናል። ጨዋ ናቸው፤ ስንሄድ በጣም ይደሰታሉ። መጽሐፉን ግን አይመልሱም። ዘዴው ከባህሉ ርቆ የኖረን ሰው አይመለከትም ማለት ነው። የበላይ ጽሕፈት ቤቱ ይህን አንድ ጉዳይ በማስረጃነት ይዞ ጥየቃው እንዲቀርና ቅጣት እንዲጀመር ሐሳብ አቅርቧል።»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። መልሼ አነበብኩት። ያው ነው።

ሰው በብዙ መልክ ተዋርዶ ያውቃል፤ በውስንነት ክፍል ውስጥ መገኘትን ግን ለጠላቴም አልመኝ። ጩኮው ዘዴ ነበር። የጉልበቴ ጥየቃ ዘዴ ነበር። እኔ ወዳጅ አገኘሁ ስል ቤተ መጻሕፍቱ ንብረቱን ሊያስመልስ ሲመላለስ ኖሯል። ብሥቅ ይሻል ነበር፤ አብሮኝ የሚሥቅ ሰው ግን ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

እንግዲህ ፍረዱኝ። መጽሐፉን ካልመለስኩ የልጅቷ ዘዴ ይሞታል፤ በሮቤ ሰው ላይ ቅጣት የሚጫነው በኔ ሰበብ ነው። ከመለስኩት ደግሞ ማን መጥቶ ጉልበቴን ይጠይቃል? መጽሐፉን ላቆየው የሚል ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ አልዋሽም። መስኮቱ ሥር ያሉትን ወፎች ለብዙ ጊዜ ቁጭ ብዬ አየኋቸው።

በነጋታው ለአዘጋጁ ጸሐፊዋን እንደማውቃት ጻፍኩ። መጽሐፉ በማን እጅ እንዳለ ግን አላብራራሁም። ሌላ መርማሪም ስላለ አስተያየትሽን ላኪ የሚል አጭር መልስ መጣ። ከዚያ ወፎቹን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ሮቤ ወረድኩ። ሐዊ ለሥልጠና አዳማ ሄዳለች አሉኝ። ለባልደረባዋ አስረክቤ፣ ሌላ መጽሐፍ ላውስዎ ወይ ስባል «ዓይኔን አሞኛል» ብዬ ወጣሁ። ዓይኔን አላመመኝም።

በላክሁት አስተያየት ጽሑፉ ይታተም አልኩ። ጸሐፊዋ የማስመለሻው ዘዴ ከቅጣት እንደሚበልጥ አሳይታለችና። ከሥር አንዲት ጥያቄ አከልኩ፦ «መጽሐፉ ከተመለሰ በኋላስ ጥየቃው ይቀጥላል?»

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ማንም አልመጣም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። ፀጉሬን መሥራት ተውኩ። ጉም ከሳነቴ ተራራ በኩል እየወረደ ከሰዓቱን ሁሉ መስኮቴ ላይ ተኝቶ ይውላል። ወፎቹም፣ የታተሙትም ያልታተሙትም፣ የሉም።

በመጨረሻ የታረመው ጽሑፍ ከጸሐፊዋ መልስ ጋር ደረሰኝ። ሌሎች አስተያየቶችን ሁሉ በትሕትና ተቀብላለች። ለኔ ጥያቄ የሰጠችው መልስ አንድ መስመር ናት፦ «ይህ ጥያቄ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።»

ልክ ናት። እኔም ብሆን እንዲያው ነበር የምጽፈው። ኮምፒውተሩን ዘጋሁና ጋቢዬን ተከናነብኩ።

ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ።

«አካም ቡልተን፣ አዴ! ምነው እንዲህ ጠፉብኝ?»

«እኔ ነኝ ወይስ አንቺ የጠፋሽው?»

«ኧረ ተዉኝ፣ አንድ ጽሑፍ ሳርም ሞቼ ነበር!» ፌስታሉን አስቀመጠችና ጫማዋ ላይ ያለውን ጭቃ ማራገፍ ያዘች። ወደ መስኮቱ አላየችም። «ለውጭ መጽሔት ጽፌ፣ አንዱ መርማሪ ምን ብሎ ቢጠይቀኝ ጥሩ ነው? መጽሐፉ ከተመለሰ በኋላ ሰውን መጠየቃችሁን ትቀጥላላችሁ ወይ ይለኛል! እንዲህ ይጠየቃል፣ አዴ?»

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

«ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው አልኩታ! ምን ልበለው? ሰው ሰውን መጠየቁን በምን ማስረጃ አስደግፌ ልጻፍለት? እሱ እኮ ዘዴ አይደለም።»

«ፈረንጅ ይሆናል» አልኳት። «ፈረንጅ ምን ያውቃል።»

ሐዊ ትንሽ አሰበችና ራሷን ነቀነቀች።

«ምስኪን» አለች። «ቤቱ ሄዶ የሚጠይቀው ሰው የለውም መሰለኝ።»

አልነበረውም ልላት አፌን ከፈትኩ። መርማሪ ማንነቱን እንዳይገልጥ ግን የመጽሔቱ ደንብ ያዛል፤ እኔም ደንብ አክባሪ ነኝ። ሁለቱን ጥሩ ስኒዎች አውጥቼ ሻይ ጣድኩ።