ባትሪ ታስሮ ሱሪ ሲፈታ

በዚህ ዓለም ላይ እንደ ቆጣቢ ሰው ገንዘብ የሚያባክን የለም! የአንዲት አሮጌ ትራክተር ባትሪ ለማሰር ስንት የሚያስወጣ ይመስላችኋል? እኔን ዘጠኝ ሺህ ብርና አንድ የቆዳ ቀበቶ አስወጥቶኛል። ብየዳ ቤት ሦስት መቶ ብር ነበር።

ትራክተሯ ትንሽዬ የሣር ማጨጃ ናት፤ ከሁለት ዓመት በፊት በጨረታ ገዛኋት። ነቀምት ውስጥ ሣር የሚያጭደው ፍየል መሆኑ ትዝ ያለኝ ከፍዬ ስጨርስ ነው። ግቢዬ መሐል ቆማ ዶሮ ስታሳድር ከረመች። ባለፈው ዓርብ ባለቤቴ አያንቱ መጣችብኝ።

"ነገ ከሰዓት እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ድንኳኑ የሚተከለው እዚያ ላይ ነው።"

"ትራክተሯስ?"

"ወይ እሷ ትወጣለች፣ ወይ ሁለታችሁም።"

ቢላ ከተማ አቮካዶ የሚያለሙት ኦቦ ዱጋሳ ውሃ የምትጎትትላቸው ነገር ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ ነበር። ደወልኩ። በሰማንያ ሺህ ተግባባን፤ ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ሊጭኗት።

ችግሩ ባትሪዋ ነው። የሚይዛት ብረት ከጠፋ ቆይቷል፤ ሞተሩ ሲነሳ ትጨፍራለች፣ ሽቦዋ ይወልቃል፣ ሞተሩ ቀጥ! በያጁ ሦስት መቶ ሲለኝ ሳቅሁበት።

"ለዚች ቁራጭ ብረት?"

"ለብረቱ ሃምሳ፣ ለአንተ ጭቅጭቅ ሁለት መቶ ሃምሳ።"

ጥዬው ሄድኩ። ቅዳሜ የኦቦ ዱጋሳ የጭነት መኪና በሩ ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ቀበቶዬን ፈትቼ ባትሪዋን ጠፈርኳት። ዘለበቱን ከሽቦው አርቄ፣ ጥብቅ! አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር። ልብስ ነጋዴ ነኝ፤ ልብስ ነጋዴ ደግሞ የሚለብሰው ያልተሸጠለትን ነው። ሱሪዬ ቁጥሯ አርባ ሁለት፣ እኔ ሠላሳ ሁለት... ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ ከውስጥ ጨበጥኳት።

"አከም ጅርቱ፣ ኦቦ ዱጋሳ!" ብዬ አንድ እጄን ዘረጋሁ።

ሽማግሌው ኪሴን አዩት። "ነቀምት ላይ ትልቅ ሰው የሚጨበጠው እንዲህ ሆነ?"

"እጄን አሞኝ ነው፣ አባባ።"

ትራክተሯ ላይ ወጥቼ ግቢውን ሁለቴ ዞርኩ። ባትሪዋም ሱሪዬም ጸጥ! ዋጋውንም እዚያው ተቀምጬ ብጨርስ ኖሮ ይህን ባላነበባችሁ። ግን ሽማግሌ ቆሞ ማን ይቀመጣል? ወረድኩ።

"ሰማንያ ብለን የለ?" አልኩ።

"ስልክ መዳፍ አለው እንዴ?" ብለው ቀኝ እጄን ያዙና መዳፌን ጧ! አደረጉት። "ስልሳ አምስት!"

በእኛ ገበያ ያልተስማማ ሻጭ እጁን መንጭቆ ያስለቅቃል። መነጨቅሁ። ሱሪዬ አንድ ጣት ወረደች።

"ስልሳ ስምንት!" ጧ!

መነጨቅሁ። አንድ ስንዝር... በር ላይ አያንቱ ከነጎረቤቶቿ ቆማለች።

"ሰባ አንድ! መጨረሻዬ ነው፣ ኢልመ ኮ!"

ልጄ እያሉኝ እጄን እንደ መንጠቆ ያዙት። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ከዘጠኝ ሺህ ብርና ከሱሪ የቱን ትለቃላችሁ?

"ቶሌ" አልኩ። እሺ ማለት ነው።

ብሩን ቆጥረው ሰጡኝ። ቀበቶዬን ልፈታ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

"በሬ ሲሸጥ ገመዱ ይፈታል?"

ቀና አልኩ። ትራክተሯን ስገዛ የተሸፈነችበትን ሸራ ያስቀረሁት በዚሁ ቃል ነው።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ተተከለ። የአያንቱን እህት ጠያቂዎች ለመቀበል ስነሳ ስልኬ ጮኸ፤ ኦቦ ዱጋሳ ናቸው።

"እስከ ቢላ ድረስ ባትሪዋ ንቅንቅ አላለችም። ጨዋ ነጋዴ ነህ! እጅህን ግን ታከም።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። እኔ የወገቤን።

ሒሳቡ ይኸው፦ ትራክተር ተሸጣለች። ባትሪ ታስራለች። ሱሪ በሲባጎ።