የባንዳችን አራተኛ አባል

ሰው ሃምሳን ሲጠጋ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል። እኛ ግን የሙዚቃ ባንዳችንን መልሰን አቋቋምን። አትሳቅ፣ ስማኝ።

ያኔ በጉብዝናችን መተማ ወረዳ ሸሕዲ ላይ ሦስት ነበርን። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪው እዘፍናለሁ፣ ፖሊሱ ጋሻው ጊታር ይመታል፣ የጤና ጣቢያው አስማረ ደግሞ ባዶ የናፍጣ በርሜል ይደበድባል። መብራት ስላልነበረ ጊታሩ የሚሠራው በጄኔሬተር ነው። እሱ አጠገባችን ሲንደቀደቅ እኛ እንዳይበልጠን እንጮሃለን። ሰሊጥ አጫጆቹ ሲጨፍሩ ከአቧራው የተነሳ ሰው አይታይም። ኋላ አንድ ከውጭ የመጣ እንግዳ፣ ይሄማ ፐንክ ሮክ የሚሉት የጩኸት ሙዚቃ ነው አለን። እኛ የት አውቀን? ጄኔሬተሩ ነው ያስጮኸን።

የፈረንጅ ባንድ በጠብ ይበተናል አሉ። የእኛን የበተነው የዝውውር ደብዳቤ ነው። ጋሻው ወደ ደባርቅ፣ እኔ ወደ አብርሃ ጅራ። አሥራ አምስት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ሸሕዲ ተመልሰን ስንገናኝ አስማረ፣ ዘንድሮ ሲዲ ካላወጣን አብራችሁኝ ሻይ አትጠጡም አለ። ምን አስቸኮለህ ብንለው ወሬ ለወጠ። እሺ ብለን ጎንደር ወጣን፣ ስቱዲዮ ገባን።

ምን ልበልህ፣ ጉድ ሆንን። ክፍሉ ምንጣፍ በምንጣፍ ነው፣ ጭጭ ያለ። አስማረ እንደ ልማዱ ጫማውን አወለቀና ጀመረ። እኛ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ። ሰባት ጊዜ ሞከርን። ስቱዲዮው ውስጥ ያለው ልጅ በአክብሮት፣ ጋሼ አስማረ ይረፉ፣ ድራሙን በኪቦርድ እንሞላዋለን አለ። አስማረ አንገቱን ደፋ።

ይኸኔ መብራት ጠፋ። ምድር ቤት ያለው ጄኔሬተር ተነሳ፣ ወለሉ መንቀጥቀጥ ያዘ። እንደገና ጀመርን፤ አስማረ አንዲት ምት አልሳተም። ልጁ ግን የጄኔሬተሩ ድምፅ ማይክ ውስጥ ገባ ብሎ አስቆመን።

አስማረ በዚያው ተናዘዘ። ጆሮው እየሄደ ነው። ድሮም ምቱን የሚጠብቀው የጄኔሬተሩን ንዝረት በእግሩ እየሰማ ነው። እኛ ባዶ እግሩን የሆነው ለቆላው ሙቀት ይመስለን ነበር። ጨርሶ ሳልደነቁር የራሴን ሙዚቃ ልስማ ብዬ ነው አለ።

ጋሻው ተነስቶ ጊታሩን ሸከፈ። እኔም ልጁን፣ ዕቃህን ያዝ፣ ሸሕዲ ወርደን ነው የምንቀርጸው አልኩት። ጄኔሬተር ያለበት ሙዚቃ ማን ይሰማል ብሎ አጉረመረመ። አንተ ብቻ ና አልኩት።

አንድ ባለሀብት የሰሊጥ መጋዘኑን ለቀቀልን። ጄኔሬተሩን ከአስማረ በርሜል ሥር ልናስገባው ምንም አልቀረን። በላብ ተጠምቀን፣ እየተሳሳትን፣ እንደገና እየጀመርን በሦስተኛው ቀን ጨረስን።

ሲዲው ወጣ። የመተማ ሚኒባሶች ያጫውቱታል። ያገኘኝ ሰው ሁሉ ታዲያ የሚለኝ አንድ ነው፦ ዘፈኑ ደህና ነበር፣ ጄኔሬተሩ ግን በዛ።

አስማረ ቤት ሄጄ አብረን አዳመጥን። ስፒከሩን መሬት አጋድሞ፣ ባዶ እግሩን ጭኖበት፣ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማ። እንባው ወረደ። የእኔም ወረደ፣ ምን እደብቅሃለሁ። ሲያልቅ ትከሻዬን ያዘኝ።

ሁሉም ተማም ነው፣ ጥሩ ነው አለኝ። አንተ ብቻ ምነው እንዲህ ትጮሃለህ?