የአንዲት ተራ ሁለት ባለቤቶች

ተተኪ መሆን ከባድ ሥራ ነው። ዋናው በሕይወት እያለ ቦታውን የነካ ተተኪ ባለጌ ይባላል፤ ዋናው ሲወድቅ ቆሞ የሚያይ ደግሞ ፈዛዛ ይባላል። በባለጌነትና በፈዛዛነት መካከል ያለችው ክፍተት ምን ያህል ሰፊ ናት? እኔ ደመወዝ የምበላው ይህችን ክፍተት በማጥበብ ነው።

የምሠራበት ድርጅት ለዓይን ሕክምና ዘመቻ የተራ ምዝገባ ያዘጋጃል። ሐኪሞቹ በዓመት አንዴ ንፋስ መውጫ ይመጡና የዓይን ሞራ ያነሣሉ። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው በየአቅራቢያው ይመዘገባል። መረጃው የሚቀመጠው ግን ክላውድ በሚሉት ነገር ውስጥ፣ በሩቅ አገር ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ክላውድ ማለት ደመና ነው። እህሉን አውድማ ላይ አስጥቶ ደመናን የሚያምን ገበሬ በጋይንት ስላልተፈጠረ፣ ትርጉሙን ላገሬ ሰው ነግሬ አላውቅም።

እዚያ ሁለት ዳታቤዞች፣ ማለትም የመረጃ ቋቶች፣ አሉ። አንዱ ዋና ነው፤ ይመዘግባል። ሁለተኛው ተጠባባቂ ነው፤ ዋናው የጻፈውን ሁሉ እየቀዳ፣ በየመሀሉ “አለህ?” እያለ ይጠይቃል። መልስ ከጠፋ ሥራውን ይረከባል። መልስ እስኪመጣ ምን ያህል ይታገሥ? ይህን የመወሰኑ ሥልጣን የእኔ ነበር፤ እኔ ደግሞ የጋይንት ልጅ ነኝ። በእኛ ዘንድ አንድ ሽማግሌ ንግግሩን አቋርጦ ቢያስል፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ የት እንደደረሰ እስኪያስታውስ ድረስ አፉን የሚከፍት ሰው የለም። ተጠባባቂዬን ያሳደግሁት በዚሁ ሥርዓት ነው።

ፍሬው ባለፈው ዓመት ታየ። ዋናው ዳታቤዝ በምዝገባው ቀን ወደቀ። ተጠባባቂው በጨዋ ደንብ ጠየቀ፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ጠየቀ። አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ የተሰለፈው ሰው ግን እንዲህ ያለ ጨዋ እየጠበቀለት መሆኑን በምን ይወቅ? መዝጋቢዋ ኔትወርክ የለም ብላ በሩን ዘጋች።

ተራ ሳይዙ ከተመለሱት አንዱ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስተምሩት መሪጌታ ስሜነህ ነበሩ። ዓይናቸው ከተጋረደ ቆይቷል። ዜማውን በቃላቸው ይመሩታል፤ ተማሪ ሲስትም በጆሯቸው ይይዙታል፤ የሳተበትን የዜማ ምልክት መጽሐፉ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ማሳየት ግን አልቻሉም። ቀጥሎ ያለው ዘመቻም ካመለጣቸው የተማሪዎቻቸውን ጉባኤ እንደሚበትኑ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ተጠባባቂው ምን ሲጠብቅ እንደነበር ጠየቁኝ። የዋናውን መሞት ሲያጣራ ነው አልኳቸው። ሞቶ ነበር ወይ አሉኝ። አዎ ስላቸው ነፍስ ይማር አሉና፣ እርሳቸውን ለምን ለቀብሩ እንዳስጠበቃቸው ጠየቁኝ።

ዘንድሮ ቆርጬ ተነሣሁ። የትዕግሥቱን ጊዜ አሳጠርሁት። ሌላም እርምጃ ነበረች፤ ተጠባባቂው ከመረከቡ በፊት ዋናውን ከወንበሩ አውርዶ በሩን የሚዘጋባት። እሷም ጊዜ ትፈጃለች። የሞተን ማውረድ ምን ይባላል ብዬ ሰረዝኋት። ሲሞከር ተጠባባቂው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ሥራውን ያዘ። አለቃዬ በስብሰባ መሀል አመሰገነኝ፤ አጨበጨቡልኝም። ለጭብጨባ የቸኮለ ባለሙያ ምን ያህል ሩቅ ያያል?

የምዝገባው ቀን ደረሰ። አንዲት ተራ ብቻ ስትቀር ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር ተንተባተበ። ዋናው አልሞተም፤ አስሎ ነው። ተጠባባቂው ግን የድሮው ጨዋ አልነበረምና ዘሎ ወንበሩ ላይ ወጣ። ዋናውም ጉሮሮውን ጠርጎ ሥራውን ቀጠለ። ሁለቱም ዋና ሆኑ። አንደኛው ከአርብ ገበያ የመጣለትን ተቀብሎ የመጨረሻዋን ተራ ለመሪጌታ ሰጠ። ሌላው ከንፋስ መውጫ የመጣለትን ተቀብሎ ያችኑ ተራ ለግራ ጌታ ፈንቴ ሰጠ። ግራ ጌታ በማኅሌቱ ከመሪጌታ በግራ የሚቆሙ፣ መሪጌታ ሲደክማቸው ዜማውን የሚቀበሏቸው ሰው ናቸው። የእርሳቸውም ዓይን ተጋርዷል፤ ንፋስ መውጫ የተገኙት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው ነው።

በሕክምናው የመጨረሻ ቀን ነርሷ የመጨረሻዋን ተራ ስትጠራ ሁለት ጥምጥሞች አብረው ተነሡ። እኔ፣ ስሕተቱ ታውቆ፣ ይቅርታ እንድጠይቅ ተልኬ እዚያው ነበርሁ። ተራዋ አንዲት እንደሆነች፣ ጥፋቱም የማሽኑ እንደሆነ አስረዳሁ። ማሽኑን ማን እንዲያ እንዳደረገው የጠየቀኝ ስለሌለ አልተናገርሁም። ጠብ ይነሣል ብዬ ስፈራ መሪጌታ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ።

“እርስዎ ይግቡ፣ ግራ ጌታ።”

“ኧረ በማርያም! እርስዎን ቀድሜ?”

“እኔማ በቃሌ እወጣዋለሁ። ያለ መጽሐፍ የሚቸገሩት እርስዎ ነዎት።”

“መጽሐፍ የምሻውስ እርስዎ በቃልዎ የሚዘሏትን ለመሙላት አይደለም?”

ይህን እየተባባሉ አንዱ የሌላውን ክንድ ይዞ ወደ በሩ ይገፋል። ማሽኖቹ እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም ብለው ተራዋን አበላሿት፤ ሊቃውንቱ እርስዎ ይቅደሙ፣ እርስዎ ይቅደሙ ብለው ሊያሳልፏት ነው። ነርሷ ሰዓቷን አየች፤ መኪናው ውጭ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። በመጨረሻ ሐኪሙ ራሱ ብቅ አለና ነገሩን ሰማ። የአንድ ሰው ሁለት ዓይን የሚሠራበት ጊዜ እንዳለው፣ ግን የሁለት ሰው አንዳንድ ዓይን ለመሥራትም ያው ጊዜ እንደሚበቃው ተናግሮ ሁለቱንም ይዟቸው ገባ።

አሁን መሪጌታ በቀኝ ዓይናቸው፣ ግራ ጌታ በግራ ዓይናቸው ያያሉ። ጉባኤው አልተበተነም። በእኛ ሙያ ግን ሁለት ዋና በአንድ ጊዜ ማቆም ከኃጢአት ሁሉ የከፋ ነውና፣ በዚያው ሳምንት የሰረዝኋትን እርምጃ መለስሁ። አሠራሯንም አፍጥኜ፣ ርክክቡ ፈጣንም አስተማማኝም እንዲሆን አድርጌ ጨረስሁ። ቤተ ልሔም ወርጄ ለመሪጌታ በኩራት ነገርኋቸው፤ ከእንግዲህ አንዲት ተራ ለሁለት ሰው አትደርስም አልኳቸው።

መሪጌታ በበራችው ዓይናቸው እኔን፣ ከዚያም አጠገባቸው የተቀመጡትን ግራ ጌታን አዩ።

“ልጄ፣” አሉ፣ “እኔና እርሳቸው እኮ ለሚመጣው ዓመት አንዳንድ ዓይን ይቀረናል። ምን አስቸኮለህ?”