በመሃል የሚቀረው ቮልት

በመሃል የሚቆም ሁሉ ለራሱ የሚያስቀረው ነገር አለ። ደላላ ያስቀራል፤ አስተርጓሚ ያስቀራል፤ እኔም በዘጋቢነት ዘመኔ ከሰው አፍ ተቀብዬ ጋዜጣ ላይ እስካደርስ ያስቀረሁት አይጠፋም። ይህን በሚለካ ነገር ያሳየኝ ግን እዚህ ሐረር፣ ፈላና በር ያለው ጎረቤቴ ዳዊት ነው። ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ያስተምራል።

እናቱ ወይዘሮ ዘነበች ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። ዳዊት ደረታቸው ላይ የሚንጠለጠል ድምፅ ማጉያ ሠራላቸው። ባትሪው ዘጠኝ ቮልት ነው፤ ማጉያው የሚችለው አምስት ብቻ ስለሆነ በመሃል ቮልቴጁን የሚያረጋጋ ትንሽ ዕቃ ገባ። ሬጉሌተር ይሉታል። ታዲያ ይህ ዕቃ አምስቱን አስተካክሎ ለመስጠት ከላይ ሁለት ቮልት ያህል ትርፍ ይፈልጋል። ባትሪው ከሰባት ከወረደ፣ ገና ጉልበት እያለው፣ ድምፁ ይንኮሻኮሽና ይጠፋል። ዳዊት ይህን ያውቅ ነበር። ለአንድ ጉዳይ ይበቃል ብሎ ተወው።

ጉዳዩ የእህቱ የሂሩት ሽምግልና ነው። የሚጠይቃት መምህር ወደ ጎንደር ተዛውሯል፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ይሄዳል። ስለዚህ እናትየው በመጀመሪያው ቀን እሺ እንዲሉ ቤተሰቡ አስቀድሞ ተስማምቷል። እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ልጄን ማን እንደሚጠይቀኝ በጆሮዬ ልስማ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ተናጋሪያችን ጡረተኛው ሻምበል ግርማ ናቸው። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ቃል ሳያገኝ አይቀመጥም። ሻምበል ደግሞ ቆመው ሲናገሩ አይደክሙም። ታሪኩን ከመምህሩ አያት ጀመሩ። ወይዘሮ ዘነበች አንድም ቃል እንዳያመልጣቸው ብለው ማጉያውን ከጠዋት ጀምረው አብርተውት ውለዋል። ሻምበል፣ አያትየው ሐረር የገቡበት ዘመን ላይ ሲደርሱ ባትሪው ከሰባት ቮልት ወረደ፤ ድምፁም ጠፋ።

ወይዘሮዋ የልጃቸው ሥራ በሰው ፊት እንዲዋረድ አልፈለጉም። አንገታቸውን እየነቀነቁ ጠበቁ። የሻምበል ከንፈር ሲቆም፣ እናት ሁሉ በመጀመሪያ ቀን የምትለውን አሉ።

«ዘመድ ላማክር።»

ከጓዳ የሂሩት ለቅሶ ተሰማን። እሳቸው አልሰሙትም።

ዳዊት ያንን ሬጉሌተር ነቅሎ፣ የሚፈልገው ትርፍ ከአንድ ቮልት እጅግ ያነሰ ሌላ ሠራ። መጀመሪያ ማጉያው ያፏጭ ጀመር፤ መውጫው ላይ ያለው፣ ካፓሲተር የሚሉት ትንሽ ዕቃ አልተስማማውም ነበር። እሱን ሲለውጥ ጸጥ አለ።

«እማዬ፣ አሁን ባትሪው እስኪደክም ትሰሚያለሽ።»

«ሻምበልም እስኪደክሙ?» አሉት።

መምህሩ በሚሄድበት ቀን ዋዜማ ተመልሰን ቆምን። ሻምበል አላሳጠሩም፤ እንደገና ከአያትየው ተነሱ። ድምፁ አልተቆረጠም። አያትየው ግን ሐረር ሳይገቡ ወይዘሮ ዘነበች እጃቸውን አነሱ።

«ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።»

«እትዬ፣ ገና እኮ አልጠየቅንም!» አሉ ሻምበል።

«ማን እንደመጣብኝ ሰማሁ፤ ይበቃኛል። ልጄ ጓዳ ቆማለች።»

ሻምበል የቀረውን ንግግር እንደያዙ ተቀመጡ። ፊታቸውን አየሁት፤ ደስታ ብቻ አልነበረም።

ሂሩት አሁን ጎንደር ናት። ማጉያውም ይሠራል። የሚቀረውን ቮልት ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም ወይ ብዬ ዳዊትን ጠይቄው፣ «ይቀነሳል እንጂ ዜሮ አይሆንም» ብሎኛል። ሻምበል ግን ፈረስ መጋላ አደባባይ ባገኙኝ ቁጥር ያስቀረንባቸውን ንግግር ከአያትየው ጀምረው ይነግሩኛል። ተቀመጡ አልላቸውም። እስኪደክሙ አብሬያቸው ቆሜ እሰማለሁ።