እትዬ ኢኒሺያሊና ሮዝ የሆኑት ስልሳ አንሶላዎች

አልተባረረም። ደስታዬ አላስቀምጥ ስላለኝ ከዜናው ጀመርኩ እንጂ፣ ማን እንዳልተባረረና ለምን ሊባረር እንደነበር ማወቅ መብታችሁ ነው። አልተባረረም፤ ማስጠንቀቂያ እንኳ አልተጻፈበትም። ይኸው ዛሬ ጠዋት ካውያውን ሰክቶ ሥራውን ቀጥሏል። ለጊዜው ይህን ያዙልኝ።

በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም መሥሪያ ቤት፣ ማንኛውም ሰፈር፣ ማንኛውም ቤተሰብ ነገርን ከሥሩ ካልጀመረ የማይሆንለት አንድ ሰው አለው። ስንት ሰዓት ሆነ ስትሉት ሰዓቱ እንዴት እንደተገዛ የሚተርክላችሁ። በአንድ ሆቴል ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይህን ማዕረግ ይዛ የኖረችው ክብርት እትዬ ኢኒሺያሊ ናት። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ከደመወዝ ክፍሉ በቀር የሚያስታውሰው የለም።

ከዓመታት በፊት ሆቴሉ ለሠራተኞቹ የሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ሥልጠና ሰጥቶ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አሠልጣኙ አንድ ነገር ሲወራ እንዴት እንደሚጀመር አስተማረ፤ እትዬ ከፊት ተቀምጣ አንዲት ቃል አላመለጣትም። በሁለተኛው ሳምንት እንዴት እንደሚጨረስ ሲያስተምር ግን ማሽን ውሃ አፍስሶ እሷ መወልወያ ይዛ ምድር ቤት ነበረች። ይኸው እስከ ዛሬ ትጀምራለች።

ሦስት ቃላት አሏት፤ ለሦስቱም የሥራ ድርሻ ሰጥታቸዋለች። «ኢኒሺያሊ» ለማሽን ነው። «ኦሪጂናሊ» ለሰውና ለጨርቅ ነው። «አት ፈርስት» ካለች ግን የቆመው ይቀመጣል፣ የተቀመጠው ይነሳል፤ ጥፋቱ ሊነገረው የተቃረበ ሰው አለ ማለት ነውና። አንድ ቀን ልብስ ተኳሹ፣ ሁሉም ካውያ የሚለው፣ ለምን እንደኛ «መጀመሪያ» አትይም ብሎ ጠየቃት።

«'መጀመሪያ' ስል ማንም ዞር ብሎ አያየኝም» አለችው። «'ኢኒሺያሊ' ስል አለቃም ብዕሩን ያስቀምጣል።»

ባሏ ሹፌር ነው። ጎረቤት ሁሉ ትዕግሥቱን ያደንቅለታል፤ ትዕግሥት ግን አይደለም፣ እንቅልፍ ነው። እራት ደረሰ ወይ ብሎ ጠይቋት፣ እሷ ሽንኩርት ልትገዛ ከቤት የወጣችበት ላይ ሳትደርስ እሱ ሶፋው ላይ ነጎደ ማለት ነው። አንዴ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሄዳ የት ጋ እንደሚያማት ስትጠየቅ፣ ኦሪጂናሊ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ከደረጃ ወድቄ ነበር ብላ ጀመረች። ውጭ ወረፋ የያዙት ሰዎች ሐኪሙ ራሱ ታሞ ይሆን እንዴ ብለው ነርሷን ላኩ። ያመማት ጆሮዋን ነበር።

ከሁሉ በላይ የተቃጠለው ግን ካውያ ነው። እሱ የጠዋት ፈረቃ ነው፣ እሷ የከሰዓት። እኩለ ቀን ላይ ለግማሽ ሰዓት ይገናኙና ሥራ ይረካከባሉ። ያቺን ግማሽ ሰዓት ለሰባት ዓመት እንፋሎት ውስጥ ተደብቆ አሳልፏታል፤ እትዬ አፏን ስትከፍት እሱ የካውያውን እንፋሎት ይለቀዋል። ማታ ስትወጣ በርክክብ መዝገቡ ላይ ለሱ የምትጽፍለትን ደግሞ፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ አንብቦት አያውቅም። ሌላው ሠራተኛ «ሁሉም ደህና» ብሎ ይፈርማል። እሷ አራት ገጽ ትጽፋለች። ካውያ ጠዋት ገብቶ ከሥሩ ይፈርምና ሥራውን ይጀምራል።

ከሦስት ወር በፊት አዲስ ማናጀር መጣ። ሰውዬው በዓለም ላይ የሚወደው ቃል አንድ ነው፤ እሱም «ባጭሩ» ነው። ሰላም ስትሉት እንኳ ባጭሩ ይመልሳል። ክቡር አቶ ባጭሩ በመጣ በሳምንቱ ወፍራሙን የርክክብ መዝገብ አንስቶ ባለ ሦስት መስመር ፎርም አመጣ። ምን ሆነ? ማን ነበር? ምን እርምጃ ተወሰደ? ተሞልቶ እሱ በር ላይ ካለው ሳጥን ይገባል፤ እሱ ያየዋል፣ አለቀ።

ምድር ቤት ወርዶም አንድ ነገር አስቀረ። ቀለም ያለው ጨርቅ ከታጠበ በኋላ ማሽኑ ባዶውን፣ በፍል ውሃና በበረኪና፣ አንድ ዙር የሚሽከረከርበት ልማድ ነበር፤ ውስጡ የቀረ ቀለም ካለ ጠርጎ እንዲያወጣ። አቶ ባጭሩ ባዶ ማሽን ለምን ይታጠባል ብሎ ከለከለ። እትዬ አት ፈርስት ብላ ልታስረዳው ስትነሳ እሱ ደረጃውን ጨርሶት ነበር።

በፎርሙም አልተንበረከከችም። ሦስቱን መስመር ትሞላና ገልብጣ ጀርባው ላይ ትቀጥላለች፤ ጀርባው ሲሞላ ሌላ ወረቀት በስፒል ታያይዛለች። ሁለት ጊዜ ተጠርታ ተነገራት። ወረቀት ፊትም ጀርባም ያለው ነገር ነው፣ ጀርባው ላይ አትጻፊ የሚል መመሪያ ከወጣ ግን ላንብበው ብላ ተመለሰች።

ከዕለታት ባለፈው ሐሙስ፣ ካውያ ጠዋት ገብቶ ስልሳ ነጭ አንሶላ ሁለተኛው ማሽን ውስጥ ጨመረ። ሲያወጣቸው ሮዝ ሆነዋል። ደብዘዝ ያለ ሮዝ ቢሆን በመብራቱ ይመካኝ ነበር፤ ይህ ግን ከሩቅ የሚጣራ፣ ደስ ደስ ያለው ሮዝ ነው። አቶ ባጭሩ ራሱ ወርዶ ፎርም ሞላ። ምን ሆነ፤ ስልሳ አንሶላ ተበላሸ። ማን ነበር፤ ካውያ። ምን እርምጃ ተወሰደ፤ ስንብት። ሦስቱም መስመሮች ልክ ስለሞሉለት ተደሰተ።

ካውያ ቀኑን ሙሉ ውሃ አልጠጣም። በጥፋት የተሰናበተን ሰው ሌላ ሆቴል በሩን እንደማይከፍትለት ያውቃል፤ ከልብስ መተኮስ ውጭ ደግሞ እጁ ሌላ ሥራ አልለመደም። ሰኞ ዕለት ስንብቱን የሚያጸድቀው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበ፤ የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበርና ከሳሹ አቶ ባጭሩ ተቀምጠዋል። እትዬ ለአንዲት ጥያቄ ምስክር ሆና ተጠራች። ካውያ ስትገባ ሲያያት አለቀልኝ አለ በሆዱ።

«አንሶላውን ከማሽኑ ያወጣው ማን ነው?» አለ አቶ ባጭሩ። «ባጭሩ፣ ስሙን ብቻ።»

«ኢኒሺያሊ» አለች እትዬ፣ «ይሄ ማሽን የተገዛ ጊዜ...»

«ከመጨረሻው ይጀምሩልን።»

«ከመጨረሻው ከጀመርንማ እሱ ነው። ከመጨረሻው የሚጀምር ሰው ምንጊዜም የሚያገኘው እርጥብ አንሶላ የታቀፈ ምስኪን ነው። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት እሱን ላስይዝ አይደለም።»

አቶ ባጭሩ በአንድ ቃል ካልመለሰች ለሷም ማስጠንቀቂያ እንደሚጻፍ አሳወቃት።

«ይጻፍልኝ» አለች ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደላድላ። «ግን ነገሩ ከምን እንደጀመረ አብሮ ይጻፍበት። ቦታ ካነሰ ጀርባው ባዶ ነው።»

ኃላፊዋ ሳቋን በሳል ሸፈነችና ትናገር አለች። እትዬም ተናገረች። ማሽኑ ከተገዛበት ተነስታ፣ በበሩ ዙሪያ ያለው ጎማ ቀለም እንዴት እንደሚይዝ፣ ድሮ የወጥ ቤቱ ነጭ ጃኬቶች አረንጓዴ ሆነው ባዶው ዙር በዚያ ሰበብ እንደታዘዘ፣ ማንና መቼ እንዳስቀረው እያለች መጣች። አንድ ሰዓት ሲሞላት ካውያ፣ አራት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ ያልዞረው ሰው፣ ግድግዳውን ተደግፎ አንቀላፋ። የሚያድነው ምስክርነት ላይ ሰውዬው አንኮራፋ።

ባለፈው ረቡዕ ላይ ስትደርስ፣ ከአዳራሹ የወረዱትን ቀይ የጠረጴዛ ልብሶች በሁለተኛው ማሽን እንዳጠበችና ይህንኑ እንደጻፈች ተናገረች። ኃላፊዋ የረቡዕን ፎርም ከፋይሉ አስወጣች። ፊቱ ላይ ሦስት መስመር፣ ከሥሩ «ታይቷል» የሚል የአቶ ባጭሩ ፊርማ። ገለበጠችው። በትላልቅ ፊደል ተጽፏል፤ «በዚህ ማሽን ቀይ ታጥቧል። ባዶ ዙር ተከልክሏል። ጠዋት ነጭ እንዳይገባ ለካውያ ይነገር።»

አቶ ባጭሩ የራሱን ፊርማ አየ፣ ጀርባውን አየ፣ እንደገና ፊርማውን አየ።

ካውያን ቀስቅሰው ነጻ ነህ አሉት። ባዶው ዙር እንዲመለስ፣ ፎርሙ ላይም «ከምን ጀመረ?» የሚል አራተኛ መስመር እንዲጨመር ተወሰነ። እትዬ አንድ መስመር አይበቃም ብላ ይግባኝ ጠይቃለች።

ደረጃው ላይ ካውያ ቀስ ብሎ ደረሰባት። አፍሯል። መዝገቡ ባይነሳም ኖሮ ያችን ጽሑፍ አነባት ነበር ብሎ መማል አይችልም።

«እትዬ» አላት፣ «እኔ የነቃሁት መጨረሻው ላይ ነው። እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ቀና ብላ አየችው። በሰባት ዓመት፣ ምናልባትም በዕድሜዋ፣ ማንም ይህን ጠይቋት አያውቅም። አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ አስተካከለች፤ ምድር ቤት ሲደርሱ ሁለት የልብስ ቅርጫት ገልብጣ አንዱን ለሱ አቀረበችለት። በአጠገቡ ያለው ካውያ እንፋሎት እስከ አፉ ሞልቶ ነበር፤ አልነካውም።

እኔ ግን ልሂድ። የካውያ እናት ገና አልሰማችም። እንዳይከፋት ብሎ መከሰሱንም አልነገራትም፤ ስለዚህ በሩን ከፍቼ «አልተባረረም» ብል ክው ትልብኛለች። ቀስ ብዬ፣ ከማሽኑ ግዢ አንስቼ ማምጣት ሊኖርብኝ ነው። ያ ጎረቤቷ፣ ልብስ ሰፊው፣ ደግሞ ወሬ ቀድሞ የሚያደርስ ሰው ነው፤ ይኸው ሱቁን ሲቆልፍ ታየኝ፤ ጫማዬን እንኳ አላሰርኩም።