ከሳይክል ሳይወርዱ ሰላም ማለት

ዓይን አፋር ሰው መንገድ የሚመርጠው በርዝመቱ አይደለም፤ በላዩ በሚያገኘው ሰው ነው። አቋራጩ ሰው የሚበዛበት ከሆነ ዞሮ፣ እሾህ ረግጦ፣ ጭቃ ተሻግሮ ማንም በሌለበት ይሄዳል። ዓይን አፋር ካልሆናችሁ ይኼ ሞኝነት ይመስላችኋል። ከሆናችሁ ደግሞ ምናልባት አንድ ቀን ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ተላልፈን ይሆናል።

የኔ መንገድ ሐዲዱ ነበር። ቤታችን ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ነው፤ ሐዲዱ በጓሯችን በኩል ያልፋል፤ ባቡር ግን አያልፍበትም። በብረቶቹ መካከል ሣር በቅሎ ፍየል ይግጥበታል። ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሼ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ ልማር ስገባ፣ አስፋልቱን ትቼ በሐዲዱ እመላለስ ጀመር። በአስፋልቱ የጭነት መኪና አለ። ከጭነት መኪናው የሚብሰኝ ግን ሰላምታው ነበር።

የኛን አገር ሰላምታ ለማያውቅ ልንገረው። እንዴት አደርሽ ተብሎ አይቆምም። እናትሽስ? ወንድምሽስ? ላሟስ ወለደች? ዝናቡስ በናንተ በኩል እንዴት ነው? ለእያንዳንዱ አልሐምዱሊላህ እያልኩ፣ በተራዬ ደግሞ የጠያቂዬን ቤተሰብና ከብት መጠየቅ አለብኝ። የኔ አልሐምዱሊላህ ደግሞ ከጉሮሮዬ አይወጣም። ያልሰማኝ ሰው “ምን አልሽ የኔ ልጅ?” ይላል፤ እንደገና ከእናቴ እንጀምራለን።

ታዲያ ቅሬያችን ሐዲዱን የእግረኛና የሳይክል መንገድ እናድርገው ብሎ ተነሣ። ቅሬ ሲሞትም ሲዳርም አብሮን የሚቆም የሰፈር ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት። ልጆች በጭነት መኪና መሃል ትምህርት ቤት መሄዳቸው ሁሉንም ሲያስጨንቅ ኖሯል። የሚመለከታቸው ሰዎች ተጠይቀው “ብረቱን ብቻ እንዳትነኩ” አሉ።

“መርሀባ!” አሉ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይመር። “ብረቱን ማን ፈለገው? እኛ የምንፈልገው መሃሉን ነው።”

“ባቡሩ ከመጣስ?” አላቸው አንዱ።

“ከመጣማ እንግዳ ነው፤ ጠርገን እንቀበለዋለን!”

ወንዶቹ ቆፈሩ፣ ሴቶቹ ተሸከሙ፣ በብረቶቹ መካከል አፈርና ጠጠር ተሞልቶ ተደለደለ። እኔም ተሸክሜያለሁ። የገዛ መደበቂያዬን በገዛ ጀርባዬ አጠፋሁት ማለት ነው።

መንገዱ ሲያምር፣ ደሴ ሰኞ ገበያ የሚነግደው ወንድሜ ሳይክሉን ሰጠኝ። ሳይክል የሚነዳን ሰው ሰላምታ አይደርስበትም ብዬ ደስ አለኝ። እናቴ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ቆማ “ወላሂ፣ ትልቅ ሰው አይተሽ ሳትወርጂ እንዳታልፊ!” አለችኝ። ዱሮ ሰው ከበቅሎው ይወርድ ነበር፤ ሳይክል ደግሞ ከበቅሎ አይበልጥም።

እናንተዬ፣ ትልቅ ሰው እንዴት ይበዛል! ስኳር ያለበት በሐኪም ታዞ ይወጣል፣ ጉልበቱን የሚያመው ሊያፍታታ ይወጣል፣ ምንም የማያመው ደግሞ የታመሙትን ሊጠይቅ ይወጣል። ከመንዳቴ መውረዴ በዛ። የሰፈር ልጆች “ባቡሩ መጣ! በየደጁ የሚቆም ባቡር!” እያሉ ይስቁብኛል።

እትዬ ዘነበች ግን አልሳቁም። “ሀያት፣ ከእንግዲህ ካረፈድሽ መኪናውን ለሌላ ልጅ እሰጣለሁ” አሉኝ። መኪና ያሉት የስፌት መኪናውን ነው። ገና እጅጌ መግጠም መጀመሬ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ይመርን ከሩቅ አየኋቸው። ዱላቸውን ተደግፈው፣ ሰላምታቸውን አዘጋጅተው ቆመዋል። እግሬ ልውረድ አለ፤ እኔ እምቢ አልኩ። ደወሉን ደወልኩና አንገቴን ደፍቼ አለፍኳቸው።

በሰዓቱ ደረስኩ። ቀኑን ሙሉ ግን የግራውን እጅጌ በቀኝ ስገጥም ዋልኩ።

አመሻሽ ላይ ስገባ ጋሽ ይመር ቤታችን ተቀምጠዋል። እናቴ ቀና ብላ አላየችኝም።

“ዛሬ አለፍሽኝ” አሉ።

አንድ ነገር አልኩ።

“ምን አልሽ የኔ ልጅ?”

“ካረፈድኩ መኪናውን ለሌላ ልጅ ይሰጡብኛል!”

እንዲህ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም፤ ቆጥ ላይ የሰፈሩት ዶሮዎች እንኳ ደንግጠው ወረዱ።

“አጃኢብ!” አሉ ጋሽ ይመር። “ያን ሁሉ አፈር የተሸከምነው ልጆቻችን በደህና፣ በሰዓቱ እንዲደርሱ ብለን አልነበረም? ታዲያ አንቺን የምናዘገይሽ እኛው ነና!”

“ቢሆንም ሰላም ሳትልዎት…” አለች እናቴ።

“ደወለችልኝ እኮ!”

ቅሬው ተሰብስቦ ወሰነ። በሐዲዱ መንገድ ላይ ከሳይክል የሚወርድ የለም፤ ደወል ሰላምታ ነው፤ እግረኛው እጁን አንሥቶ ይመልሳል። አለቀ።

አለቀ አልኩ? እኛ አገር ሰላምታ መቼ ያልቃል! አንዴ ደውዬ ሳልፍ መንገዱ ዳር የሚኖሩት እማማ ዘሃራ “ተኳረፍን እንዴ?” ብለው ከኋላዬ ጮኹ። ሁለቴ መደወል ጀመርኩ። ቤት ውስጥ ያሉት ሰምተው “ለኛስ?” አሉ። ሰላምታ ሽሽት ሐዲድ ውስጥ የገባሁት ልጅ፣ ይኸውና ከቤቴ እስከ ከተማ ድረስ ሰላም ስል እሄዳለሁ። አላረፍድም ግን። እጅጌውን ጨርሼ ኮሌታ ጀምሬያለሁ።

ትናንት ጋሽ ይመር እጃቸውን አነሡልኝ፤ ደውዬ አለፍኩ።

“ላሜንስ አትጠይቂም?” አሉ ከኋላዬ።

ለላሚቱም ደወልኩላት።

“ወለደች እኮ!”

ለዚህስ ደወል አይበቃም። ሳልወርድ፣ ፔዳሉን እንደረገጥኩ “አልሐምዱሊላህ!” አልኩ።

ምን አልሽ ያለኝ የለም።