የባህር ወንበዴ ያየ ሰው

ዝነኛ ጎረቤት ኖሯችሁ ያውቃል? ከሌላችሁ ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ብቅ በሉና እኔን እዩኝ። ከጉዞ ከተመለስኩ ወዲህ ሊፍት ውስጥ ሳይቀር ሰው ያስቆመኛል፤ ወንበዴ አየ የተባልከው አንተ ነህ ወይ ይለኛል። እኔ ነኝ፣ ምን ይደረጋል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስካርቦሮ ውስጥ የስኩል ባስ ስነዳ፣ በዚያ ሁሉ በረዶ የሰው ልጅ ሳላቆስል ሳመላልስ አንድም ቀን ምሳ የጋበዘኝ የለም። የባህር ወንበዴ አይቼ ስመጣ ግን ቅዳሜና እሁዴ በግብዣ ተያዘ።

«ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይባል የለ? ምክሩ ለሰሚው ነው። እኔ ግን ሰሚው እንዳይደክም ብዬ ራሴው ጨማምሬ አቀርብለታለሁ። መጀመሪያ ቤት ያወራሁት ስለ አንዲት ጀልባ ነበር። ሁለተኛው ቤት ሁለት ሆነች። ዌስተን ሰፈር ስደርስ አራት ጀልባ ከነመትረየሱ። እዚያ የቀረበልኝ ክትፎ ለአንድ ጀልባ የሚመጥን አልነበረማ።

ለእናንተ ግን ሳልጨምር ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ከባለቤቴ ከስንዱ ጋር የተጋባንበት ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲቃረብ፣ ልጃችን ክሩዝ የሚሉትን የመርከብ ሽርሽር ቡክ አደረገችልን። ከዱባይ ተነስቶ፣ በኤደን ባህረ ሰላጤ አልፎ፣ ቀይ ባህር የሚገባ። ባለ በረንዳ ክፍል፣ በግማሽ ዋጋ። ለምን በግማሽ ሆነ ብሎ የጠየቀ አለ? የለም። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለእኛ ዓይነቱ ነው። ወንበዴ ያለበት ውሃ መሆኑን ያወቅነው ትኬቱ ከመጣ በኋላ ነው፤ እሱም ከኩባንያው ሳይሆን ከሰው አፍ።

ወሬው ሲሰማ ሽማግሌ ተላከብን። እውነቴን ነው። ጋሽ በየነ፣ የሰፈራችን ታላቅ ሰው፣ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጡ። ቁጭ በሉ ብንላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው፣ ልጅ ሊያጩ እንደመጡ ሁሉ በር ላይ ቆሙ። ጉዳያቸው ይህ ክሩዝ የሚባል ነገር እንዲቀር ነበር። መርከብ ካማራችሁ ናያግራ ፏፏቴ አለላችሁ፣ ረጥባችሁ በዚያው ቀን ትመለሳላችሁ አሉን። እኔ በልቤ ተስማምቼ ነበር፤ ፈሪ ለእናቱ ነው።

ስንዱ ግን ልጅ ሆና ከአገር ስትወጣ ያን ባህር ከጅቡቲ ወደ የመን በጀልባ ተሻግራዋለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከዚህ በላይ ግን ነግራን አታውቅም።

«ጋሽ በየነ» አለች፣ «ያኔ ጭንቅላቴን ጉልበቴ ውስጥ ቀብሬ ነው የተሻገርኩት። ባህሩን አላየሁትም። አሁን ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ላየው እፈልጋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጉዳያቸውን ትተው ተቀመጡና ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

መርከብ ስላችሁ መርከብ እንዳይመስላችሁ። የእኛን ሕንፃ ከነፓርኪንጉ አጋድመው ውሃ ላይ ያስቀመጡት ነው። ሰው በቀን ስድስት ጊዜ ይበላል። ስንዱ ግን በየምግቡ የሚታደለውን የጠርሙስ ውሃ እየሰበሰበች አልጋ ሥር ትደረድራለች። ሱቅ ልትከፍቺ ነው እንዴ ብዬ ሳቅሁባት። ባህር ላይ ውሃ አይናቅም አለችኝ፤ እኔም ንግግሯን ከእድሜ ቆጠርኩት።

በሦስተኛው ቀን ሁላችንንም ሰብስበው የወንበዴ ልምምድ አደረጉልን። አንገተ ወፍራሙ የጥበቃ አለቃ ሕጉን አነበበ። ሳይረን ሲጮህ የበረንዳው በር ይዘጋል፣ መጋረጃ ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ኮሪደር ወለል ላይ ይቀመጣል። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ለወንበዴዎች እጅ ማውለብለብም ክልክል ነው። በመርከቡ ጎንና ጎን የባህር ውሃ እየረጩ ወንበዴ የሚያባርሩ ትልልቅ የውሃ ጎማዎች አሉ፤ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት የሚለቅ ማሽንም አለ። ጥያቄ አለ ወይ ሲባል አንድ ሰውዬ እጁን አውጥቶ፣ ወንበዴዎቹ ሲመጡ ቡፌው ክፍት ነው ወይ አለ። አለቃው ሳይስቅ ቀዝቃዛው ምግብ ይኖራል አለው።

ከዚያው ከካናዳ፣ ከኦሻዋ የመጡ አንዲት አሮጊት ደግሞ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ከዚሁ አካባቢ መሆኔን ጠየቁኝና ችግር ቢመጣ ወንበዴዎቹን እንዳናግርላቸው ለመኑኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ እዚያ ብርድ እንጂ ወንበዴ የለም ብዬ አስረዳኋቸው። እጄን ይዘው አመሰገኑኝ። ከዚያ ወዲያ ገሚሱ ሰው ምሳ ላይ ወንበር ይይዝልኛል፤ ገሚሱ ደግሞ ወንበሩን ከእኔ ፈቀቅ ያደርጋል። ሰላይ ልሁን አስታራቂ ለራሴም አልለየልኝም።

በማግስቱ ከቁርስ በኋላ ነው፤ ስንዱ ያኔ የተሻገረችው ባህር ላይ ደርሰናል። ስንዱ ለሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ፣ በረንዳው ላይ ወንበሯን አስተካክላ፣ ገና ባህሩ ላይ ዓይኗን ከመጣሏ ሳይረኑ ጮኸ። እኔ የሕጉን ወረቀት ይዤ ዘለልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ነይ ግቢ እላለሁ፣ እሷ ቆማ ትመለከታለች።

አንዲት ትንሽ ጀልባ ነበረች። ሞተሯ አይሠራም፤ ማዕበሉ እንደፈለገ ያዞራታል። ሰዎች ተጨናንቀው ቆመዋል። አንዱ ቢጫ ጀሪካን ከፍ አድርጎ ገልብጦ ያራግፋል። ከጀሪካኑ ጠብ የሚል ነገር የለም።

«ውሃ ጨርሰው ነው» አለች ስንዱ።

በምን አወቅሽ አልኳት።

«እኛም እንደዚያ ነው ያደረግነው።»

ሃያ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ነግራኝ አታውቅም። ሮጣ ገብታ ከአልጋ ሥር ጠርሙሶቹን በቀሚሷ ሙሉ አቅፋ መጣች። ልትወረውር ነው። አይደርስም አልኳት። እውነትም አይደርስም ነበር። ግን ስለርቀቱ ተጨንቄ እንዳይመስላችሁ፤ ፈርቼ ነው። ሌሎች መሣሪያ ይዘው ተደብቀው ቢሆንስ? አለቃው ቢቆጣስ? ክንዷን ይዤ ጎትቼ አስገባኋት፣ በሩን ቆለፍኩ፣ መጋረጃውን ዘጋሁ።

ኮሪደር ላይ ከመቶ ሰው ጋር ተኮለኮልን። አንዳንዱ ሳህኑን ይዞ ነው የመጣው። ማሽኑ ሲጮህ፣ ጎማዎቹ ሲረጩ ይሰማናል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ አጠራጣሪዋ ጀልባ መራቋን አበሰረን። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን እዋሻችኋለሁ፣ እንዲያውም በርትቼ። ስንዱ ጭንቅላቷን ጉልበቷ ውስጥ ቀብራ ነበር። መጋረጃ ክፈቱ የተባልነው ማታ ነው። ያን ባህር ሁለተኛም በወጉ ሳታየው ተሻገረችው።

ከእራት በፊት ነፃ መጠጥ ታደለ። የወንበዴ ውሃ በጀግንነት ተሻግሯል የሚል ሰርተፊኬትም በየስማችን ሰጡን። ስንዱ የእሷን ጠረጴዛው ላይ ትታው ተነሳች። የእኔን ሳሎን ሰቅዬዋለሁ።

ቶሮንቶ ከገባን ጀምሮ ወሬዬን ባወራሁበት ቤት አንድም ቀን አብራኝ አልሄደችም። ሥራ አለኝ ትላለች፣ ራሴን አመመኝ ትላለች። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጋሽ በየነ ራሳቸው ኮል አድርገው ቤታቸው ስለጠሯት እምቢ ማለት አልቻለችም። ቤቱ በሰው ሞልቷል። እኔ አራቱን ጀልባዎች አሰልፌ፣ የወንበዴዎቹ አለቃ ክንዱን ወደ ሰማይ አንስቶ መትረየሱን ሲያሳየን የሚለው ላይ ደርሻለሁ። እዚያ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ እረፍት እወስዳለሁ።

«ጀሪካን ነው ያነሳው» አለች ስንዱ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«አንዲት ጀልባ ነበረች። ውሃ ነው የለመኑን።»

ጋሽ በየነ ነገሩ ወዲያው አልገባቸውም። ባደጉበት አገር ውሃ የጠየቀ ሰው መጀመሪያ ይጠጣል፣ ማንነቱ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በየዋህነት ጠየቋት።

«ታዲያ ሰጣችኋቸው?»

«ሰጠናቸዋ፣ ጋሽ በየነ። የባህር ውሃ፣ በጎማ።»

ጋሽ በየነ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩና አንተስ ያን ጊዜ የት ነበርክ አሉኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ምንም ሳልጨምር የመለስኩት እሱን ብቻ ነው።

«መጋረጃ እየዘጋሁ ነበር» አልኳቸው።